ዳቦውም ክሩም ከአንድ ግንድ

በሆሳዕና ገበያ ዛሬ የኬክ ቅርጽ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ በየቀለሙ የተጠቀለለ የሹራብ ክርና ኪሮሽ ተፈልጎ አይታጣም። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስትሆን ሠርጉም፣ ልደቱም፣ ምረቃውም በዝቷል፤ በበዛ ቁጥርም ኬክ ይፈለጋል። ሥራ ያጣች ወጣት ከዘመድ የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ «መጋገር ተማሪ፣ ዳንቴል ተማሪ»። ምክሩ መልካም ነው። የሚከነክነኝ ሙያው ሁሉ ከአዲስ አበባ፣ ከቤይሩት ወይም ከስልክ የመጣ፣ እሷ ደግሞ ከባዶ የምትጀምር ተደርጎ መነገሩ ነው። የሀዲያና የከምባታ ሴት መጋገርንም ክር ማውጣትንም ከአንድ ጓሮ፣ እንዲያውም ከአንድ ግንድ ስትሠራ ኖራለች። ግንዱ እንሰት ነው።

እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ ዓይነቱና እንደ አየሩ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል። ወንዱ ይተክላል፣ ከቦታ ቦታ ያዛውራል። ሲደርስ ግን ሥራው የሴቶች ነው። ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ እየተደራረበ የበቀለው ልባስ አንድ በአንድ ይላቀቃል፤ ዘመም ብሎ በቆመ ጣውላ ላይ ተዘርግቶም በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፋቃል። ሴትየዋ ጣውላው ሥር ተቀምጣ በአንድ እግሯ ልባሱን ትይዛለች፣ በሁለት እጇ ትፍቃለች። ከዚህ ከአንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ነገር ይወጣል። የተፋቀው ሥጋ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ይብላላና ቆጮ ይሆናል። ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ጣውላው ላይ የሚቀረው ረጅም ነጭ ጭረት ደግሞ ቃጫ ነው። ምግቡን ስትፍቅ ክሩን አወጣች ማለት ነው። በዓለም ላይ ይህን ያህል የሚሰጥ ተክል ብዙ አይገኝም።

ለጀማሪ ጋጋሪ ከቆጮ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ቆጮው ከጉድጓድ ወጥቶ ውሃው በደንብ ይጨመቃል፤ ጭረቱ እንዲያጥር በቢላ ደጋግሞ ይከተፋል፤ ይነፋል፤ ይታሻል። ከዚያ ጠፍጠፍ ተደርጎ በእንሰት ቅጠል ይጠቀለልና ምጣድ ላይ ይጋገራል፤ ይገለበጣል። እርሾ አይጨመርበትም፤ መብላላቱ በጉድጓዱ ውስጥ አልቋል። ቅጠሉ ሊጡን ከምጣዱ ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል፣ እርጥበቱን ያቅባል፣ ሽታውንም ይሰጠዋል። ዛሬ የኬክ ሠልጣኝ በመጋገሪያ ወረቀት የምትሠራውን ሥራ አያቷ በቅጠል ትሠራው ነበር፤ ቅጠሉ ደግሞ አይገዛም። በመስከረም የሀዲያ ያሆዴ በዓል ሲመጣ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ አታካና ይሆናል። የበዓሉ ክብር ምግብ እሱ ነው፤ ጥሩ አታካና የምትሠራ ሴትም ስሟ በመንደሩ ይጠራል።

ቃጫው ግን ክብሩን አላገኘም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተገምዶ ገመድ ይሆናል፤ ጆንያ፣ ምንጣፍ፣ የእቃ መያዣና ማሰሪያ ይሆናል። የጎጆ ቤት እንጨት የሚታሰረው፣ ከብት የሚጠለፈው በእሱ ነው። ገበያ ላይ በእስር በእስሩ ይሸጣል፤ ዋጋው ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም። የዚሁ የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንስ አባካ ግን ለመርከብ ገመድ በዓለም ገበያ ተፈልጓል። የጃፓን ኦኪናዋ ደሴት ሴቶች ደግሞ ከሙዝ ወገን ከሆነ ግንድ ጭረት አውጥተው፣ በእጅ ቀጣጥለው፣ ባሾፉ የሚባል ስስ ጨርቅ ይሠራሉ። ለአንድ ኪሞኖ የሚበቃ ክር ለማግኘት ወደ 200 ግንድ ያስፈልጋል ይባላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊጠፋ የደረሰውን ይህን ሙያ ያዳኑት የኪጆካ መንደሯ ሸማኔ ታይራ ቶሺኮ ነበሩ፤ አገራቸው «ሕያው ቅርስ» የሚል ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። የእኛ ሴቶች በየቀኑ በእጃቸው የሚያልፈው ጭረት ከዚያ ብዙም አይርቅም። የራቀው የሰጠነው ቦታ ነው።

ታሪኩን ወደ ኋላ ስንገፋው የሀዲያና የከምባታ መንገድ ይለያያል። ከምባታ በአምበርቾ ተራራ ዙሪያ ተጠጋግቶ እንሰት ሲተክል የኖረ ሕዝብ ነው። ሀዲያ ግን በመካከለኛው ዘመን ሰፊ አገርና ብዙ ከብት የነበረው ሕዝብ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ እስላማዊ ግዛቶች የጻፈው አል-ዑመሪ ሀዲያን በኃይሏና በንግዷ ያነሳታል፤ በገበያዋ የሚዘዋወረው ገንዘብም የመርፌ ቁመት ያለው የብረት ቁራጭ እንደነበር ጽፏል። ጀርመናዊው የታሪክ ተመራማሪ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ለዓመታት ከሽማግሌዎች አፍ ሰብስቦ እንዳሳየው፣ አብዛኛው ሀዲያ ከብት ማርባቱን ከገብስ እርሻ ጋር ይዞ ቆይቶ ወደ እንሰት ጠንክሮ የገባው ዘግይቶ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ተማረ። እዚህ ላይ ለጀማሪዎች የሚሆን ቁም ነገር አለ፦ ዛሬ «የአባቶቻችን ምግብ» የምንለውንም አንድ ትውልድ እንደ አዲስ ነገር ተቀብሎ፣ ተሳስቶ፣ ደጋግሞ ሞክሮ ነው የተማረው።

የምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ዓ.ም. አካባቢውን ከያዘ በኋላ ሌላ ወጥ ቤት መጣ። ቀድሞ ዋቸሞ ይባል የነበረው ስፍራ በራስ አባተ ቧያለው ዘመን ሆሳዕና ተባለ፤ የከምባታዋ አንጋጫም የጦር ሰፈር ሆነች። ከሰፋሪው ጋር የጤፍ እንጀራ፣ የበዓል ድፎ ዳቦና የሴቶች ፈትል ገቡ። ከወረራው ጋር የመጣውን ጉዳት አልረሳም፤ ጭሰኝነቱ የቆጮውንም ጉድጓድ የነካ ነበር። ምጣድ ላይ የሆነው ነገር ግን የራሱ ታሪክ አለው። ድፎ የሚጋገረው በኮባ ተሸፍኖ ነው፤ ኮባውም የእንሰት ቅጠል ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጣና አካባቢ እንሰት ሲበላ አይቶ ሥዕሉን ጭምር አሳትሟል። ዛሬ በዚያው አካባቢ ተክሉ በየደጁ የሚቆየው በዋናነት ለዳቦ ቅጠሉ ነው። ሰሜኑ ቅጠሉን ያዘ፣ ደቡቡ ግንዱን ያዘ፤ ድፎው ሆሳዕና ሲደርስ ቅጠሉን ፍለጋ የትም መሄድ አላስፈለገውም።

የፈትሉ ነገር ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፣ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆንና በእንዝርት ይፈተላል፤ ልቃቂት ይሆናል። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ማታ ይፈጃል። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የፋብሪካ ክር እየበዛ ሄደ፤ በኋላም የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ተጨመሩ። ሸማኔው ድሩን ከፋብሪካ፣ ማጉን ከሴቶች እጅ መውሰድ ጀመረ። እንዝርቱ ከየቤቱ ጥግ ፈጥኖ ባይጠፋም ሴት ልጅ ሳትማረው መቅረት እንደማያሳፍራት ሆነ።

የጣሊያን ወረራ አምስት ዓመት ብቻ ቢቆይም የከተማ ዳቦን ለውጧል። መኪና መንገድ፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ ነጭ ዱቄትና በምድጃ የሚጋገር ትንሽ ዳቦ ከዚያ በኋላ በየአውራጃው ከተማ ተስፋፉ። እስከ ዛሬ ባለሱቁን «ፉርኖ ዱቄት ስጠኝ» እንለዋለን። ቦምቦሊኖና ፓስቲ በየመንገዱ ዳር የተተከሉትም በዚሁ መስመር ነው። ምድጃ ለሌላት፣ ዘይትና ብረት ድስት ብቻ ላላት ሴት ቦምቦሊኖ ከሁሉ የቀረበ መተዳደሪያ ሆኗል፤ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ ስንት ልጅ በእሱ እንደተማረ መንገድ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል።

ዳንቴሉ የመጣው በሌላ በር ነው። የሱዳን ኢንተርየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ሲወርዱ ሥራ ከጀመሩባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዷ ሆሳዕና ነበረች፤ ካቶሊክ ካፑቺኖችም በከምባታ ሰፈሩ። በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ለልጃገረዶች ተከፈተ። በሚሲዮንም በመንግሥትም ትምህርት ቤቶች «የእጅ ሥራ» የሴት ልጅ ትምህርት አንድ ክፍል ሆነ፦ ስፌት፣ ጥልፍ፣ ሹራብ፣ ዳንቴል። ከዚያ የወጡት ልጆች መምህራንና ነርሶች ሆነው ወደ ወረዳ ከተሞች ሲሄዱ ኪሮሻቸውን ይዘው ሄዱ። የሬዲዮው ልብስ፣ የሶፋው ጀርባ፣ በኋላም የቴሌቪዥኑ ሽፋን ነጭ ዳንቴል ሆነ። ብዙ ሰው ይህን የቅንጦት ጌጥ አድርጎ ይቆጥረዋል። ኪሮሽ ግን በአየርላንድ ከ1845 እስከ 1849 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የድንች ረሃብ ጊዜ መነኮሳይያት ለተራቡ ቤተሰቦች ሴቶች ያስተማሩት፣ ብዙ ቤት ከሞት ያተረፈ ሥራ ነው። እንሰትም በእኛ ዘንድ «ፀረ ረሃብ ዛፍ» እየተባለ የሚጻፍለት፣ በ1977ቱ ድርቅ የእንሰት አገር ከሌላው የተሻለ ስለቆመ ነው።

ስለ ምጣድ ሳናወራ ስለ መጋገር ማውራት ነውር ነው። ምጣዱን፣ አክምባሎውን፣ ድስቱን የሠሩት ሸክላ ሠሪ ሴቶች ናቸው። በሀዲያም በከምባታም እነዚህ ቤተሰቦች ለዘመናት መሬት አልነበራቸውም፤ ሌላው አይጋባቸውም፣ በአንድ ማዕድ አይቀርባቸውም ነበር። እጃቸው የነካውን ምጣድ ገዝቶ እንጀራና ቆጮ የጋገረ ሰው እጃቸውን ለመጨበጥ ይጠየፍ ነበር። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ በሕግ ፊት መሬት አሰጣቸው፤ የልብ ጉዳይ ግን በአዋጅ አላለቀም። ስለ ቤት ውስጥ ሙያ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ካለፍነው የምንጽፈው ግማሽ ታሪክ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ሀዲይኛና ከምባትኛ ከተመረጡት 15 ቋንቋዎች ውስጥ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት የተቋቋመው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም በየቀበሌው የእጅ ሥራ ያሠራ ነበር። ስብሰባው ግዴታ ስለነበር ብዙዎች በመልካም አያነሡትም፤ ሆኖም ከዚያ ክር መያዝ የተማሩ ሴቶች ዛሬ የልጅ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ።

የአካባቢው ሴቶች ግን ለመሰብሰብ ማንንም ጠብቀው አያውቁም። እንሰት በጋራ ይፋቃሉ። ዊጆ በሚባለው ማኅበር ቅቤያቸውን በዙር ያሰባስባሉ፤ ተራ የደረሳት ሴት የሁሉንም ድርሻ በአንዴ ወስዳ ትሸጣለች ወይም ለድግሷ ታውላለች። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ከምባቲ መንቲ ጌዚማ የተባለውን የሴቶች ድርጅት ሲያቋቁሙ የተነሡት ከዚሁ የመተባበር ልማድ ነው። ስለ ኤች አይ ቪ ሊነጋገሩ ሲሄዱ ሕዝቡ አስቀድሞ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር፤ ድልድዩን አሠሩ፣ ከዚያ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት የሚያደምጣቸው ጆሮ አገኙ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አርፈዋል። ከእሳቸው ሥራ የምወስደው፣ ሴቶች ስለ ከባዱ ነገር የሚነጋገሩት እጃቸው በሥራ ላይ እያለ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው መሆኑን ነው። የዛሬዋ ሠልጣኝ ብቻዋን ስልክ ፊት ተቀምጣ የምታጣው ይህን ነው።

ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ እጅግ ብዙ ወጣት ወንድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። በጆሀንስበርግ ጄፒ አካባቢ ከሚነግዱትና በየሰፈሩ እየዞሩ በዱቤ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የሚይዙት ብርድ ልብስ፣ የአልጋ ልብስና መጋረጃ ነው። የቃጫና የጋቢ አገር ልጅ የባዕድ ፋብሪካ ጨርቅ ተሸክሞ ይዞራል። ሴቶቹ ደግሞ ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ወጥ ቤት ኦቨን ተማሩ። ከተመለሱት መካከል ኬክ ቤት የከፈቱ አሉ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ ቤት የዋለው ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ኬክና ሹራብ መማር ያዘ።

የስልኩ ትምህርት አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አብዛኛው የተዘጋጀው ለባሕር ጠለል አገር ነው። ሆሳዕና ከ2,200 ሜትር በላይ ትገኛለች። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ግድም ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በፍጥነት ይነፋል። ስለዚህ ኬኩ መጀመሪያ ያምራል፣ ኋላ መሐሉ ይሰምጣል፤ ጀማሪዋም «እጄ አይሆንም» ብላ ትተዋለች። ጥፋቱ የእጇ አይደለም። ለእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን ትቀንስ፤ ለእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ትቀንስ፤ ለእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ትጨምር፤ ምድጃውንም ትንሽ ታሙቀው። እናቷ ለደጋ ሊጥ ውሃና ጊዜ መመጠንን ያለ መለኪያ ታውቀዋለች፤ ትጠይቃት።

እኔ ግን በኬክ ባትጀምር እመርጣለሁ። የሀዲያ ወረዳዎች ሌሞ፣ ሚሻና ዱና ስንዴ አብቃይ ናቸው። አንድ ኪሎ የወፍጮ ቤት ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ እርሾና ከ6 እስከ 7 ዴሲ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ያልተነፋ ዱቄት ውሃ ስለሚጠጣ ሊጡ እጅ ላይ ቢለጠፍ አትደንግጥ። ደጋው ብርድ ስለሆነ በጨርቅ ተሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ እጥፍ እስኪሆን ይቆይ። ምጣዱ ላይ ኮባ ይነጠፍ፣ ሊጡ ይደረግ፣ ከላይም ኮባ ይልበስ፣ ይከደን። እሳቱ መለስተኛ ይሁን፤ ከታች ብቻ ከሆነ መሐል ላይ ይገለበጣል። ትንሽ የተወቀጠ ዝንጅብል ቢገባበት ደግሞ የሀደሮን ጓሮ ያስታውሳል። ከምባታ የዝንጅብል አገር ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ማሳውን ካወደመ ወዲህ አርሶ አደሩ ወደ ቀድሞው ምርቱ ለመመለስ ሲታገል ቆይቷል። በየዳቦው ውስጥ የሚገባ አንድ ቁራጭ ዝንጅብልም ለእሱ ገበያ ነው።

ወደ ክሩ ስንመለስ፣ የሱፍ ክር ፍለጋ ወደ ዶዮገና የሚሄድ ጀማሪ ይኖር ይሆናል፤ የዶዮገና በግ የታወቀው በሥጋው ነው፣ የሚፈተል ጸጉር ያለው የመንዝ በግ ነው። ገበያው ላይ ያለው ባለቀለም ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። ለመማሪያ ችግር የለውም፦ ወፍራም ክር፣ ወፍራም ኪሮሽ፣ መጀመሪያ ሰንሰለቱን እኩል እስኪሆን ደጋግሞ መሥራት፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሱ መደዳ መደርደር። አራት ማዕዘን ማውጣት የቻለች ልጅ የድስት መያዣም ሻርፕም ትሠራለች። ከዚያ በኋላ ግን እጇን ወደ ቃጫ እንድትመልስ እፈልጋለሁ። ቃጫ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ቀጠን ተደርጎ ከተገመደ በወፍራም ኪሮሽ የገበያ ቦርሳ፣ የምጣድ ማስቀመጫ፣ የመሶብ ሥር ምንጣፍ ይወጣዋል። ፕላስቲክ ከረጢት እያስጠላ በሄደበት ዘመን ይህ ገበያ አለው። ከሹራብ ክር ጋር ቢቀላቀልም ቀለም ያገኛል።

በቴክኒክና ሙያ ተቋማትም ሆነ በግል ማሠልጠኛዎች የምግብ ዝግጅትና የእጅ ሥራ ሥልጠና ሲቀረጽ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በእንሰት ጓሮ ቢሆኑ ወጪው ትንሽ ነው። መፋቂያው አለ፣ ቅጠሉ አለ፣ ምጣዱ ከሸክላ ሠሪዋ ይገዛል፤ ስትሸጥም እንዴት እንደሚሟሽ፣ እንዴት እንደማይሰነጠቅ ለሠልጣኞቹ ታስረዳ። ቆጮ መከተፍና ቃጫ መግመድ የምታስተምረውም ሴት አንጋጫ ወይም ሌሞ ጓሮዋ ውስጥ አለች። ስትጋበዝ ግን ለኬክ አሠልጣኟ የሚከፈለው የቀን አበል ለእሷም ይታሰብላት፤ ለሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ።